ማንን ትጠረጥራላችሁ?

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከታክሲ ወርዳችሁ ወደ ሰፈራችሁ በሚያስገባው ጨለማ ቅያስ ስትራመዱ፣ ከፊት ለፊታችሁ ሁለት ፖሊሶች ብቅ ቢሉ ምን ይሰማችኋል? "እፎይ" ትላላችሁ? ወይስ መታወቂያችሁ የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ በጣታችሁ መዳበስ ትጀምራላችሁ? እኛ ይህን ጥያቄ ለጓደኞቻችን አቅርበን ነበር (ጥናት ነው አላልንም፣ ቡና ላይ የተነሳ ወሬ ነው)። ሴቶቹ "እንደ ብዛታቸው ነው" አሉን። ሁለት ከሆኑ ደህና፣ አንድ ብቻውን ከሆነ ግን መንገድ እንቀይራለን። ወንዶቹ ደግሞ "መታወቂያ ይዤ ከሆነ..." ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ሳቁ።

"እኛ" እያልን የምንጽፈው ለማዕረግ አይደለም። ሦስት ሴቶች ነን። ጋዜጠኝነት አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት በጋራ ተከራይተን የምንኖር። የቤት ኪራዩም፣ የኢንተርኔቱም፣ የሐሜቱም ወጪ የጋራ ነው። ሐሳቡም እንዲሁ።

ያደግነው እንደ እናንተው ነው። ስናለቅስ "ዝም ካላልሽ ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ!" እየተባልን። እንደምናስታውሰው ለሐኪም ቤት መርፌና ለፖሊስ እኩል ነበር የምንፈራው። የሚገርመው ግን ያው ያስፈራራችን ሰው ራሱ ዶሮው የጠፋበት ቀን መንገድ ላይ ቆሞ "ምነው በዚህ አገር ፖሊስ የለም እንዴ!" ብሎ ይጮኻል። እንግዲህ የእኛ ከተማ ሰው ከፖሊስ ጋር ያለው ነገር እዚህ መሃል ነው። ሲመጣ ይፈራል፣ ሲቀር ያማል።

አሁን ወደ ስልኩ ጉዳይ እንግባ።

ከእኛ አንዷ ከሜክሲኮ በሚነሳ ሚኒባስ መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ መኪናው መብራት ላይ ቆም ባለበት ቅጽበት ስልኳን ከእጇ መንትፈው ሮጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ዜና አይደለም። ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ድምፅ "መስኮት ዳር ስልክ ይያዛል እንዴ!" ብሎ ተበዳዩዋን ገሠጸ፣ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ቀጠለ። ስልኩ ውስጥ ግን የሁለት ወር የቃለ መጠይቅ ቅጂ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው የማያደርገውን አደረግንና ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። (የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አንጽፍም። ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ይገባችኋል።)

ጽሑፍ ክፍሉ የተቀበለን ሳጅን ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠን፣ አዳመጠን። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና ጠየቀ።

"ማንን ትጠረጥራላችሁ?"

ተያየን። "ማንንም" አልነው።

"እንዴት ማንንም? ጠላት የላችሁም? የምታውቁት ልጅ አልነበረም?"

"ታክሲ ውስጥ ሆነን ነው የተወሰደው፣ መልኩንም በደንብ አላየነውም።"

"እህቶቼ፣ እንግዲያው ምን ብዬ ልጻፍ?"

በመጨረሻ "ያልታወቀ ግለሰብ" ተብሎ ተጻፈ። የስልኩን ካርቶን ይዘን እንድንመለስ ተነገረን፣ ባለ 15 አሃዙ መለያ ቁጥር የሚገኘው እዚያ ላይ ነውና። የማመልከቻ ቅጹ ስላለቀ ከግቢው ውጪ ካለች ሱቅ ፎቶ ኮፒ አስደርገን እንድናመጣም ተለመንን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ሁሉም የያዘው ያንኑ ቅጽ ነው። ወረቀቱ በኋላ ሲም ካርዱን ለማውጣት አገልግሎናል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ስልኩ እንደሄደ ቀርቷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጥያቄ ከጭንቅላታችን አልወጣም። ማንን ትጠረጥራላችሁ? ጥያቄው ሞኝነት አይደለም፣ ጥያቄው የመንደር ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ላም ብትጠፋ ባለቤቱ ሌባውን ከፖሊስ ቀድሞ ያውቀዋል፤ የፖሊሱ ሥራ ሄዶ መያዝ ብቻ ነው። ሚሊዮኖች በሚኖሩባት ከተማ ግን ተበዳዩ በዳዩን አያውቀውም። ማወቅ የነበረበት ሌላ ሰው ነው፤ ካሜራ አይቶ፣ የተሰረቁ ስልኮች የሚሸጡበትን ገበያ ተከታትሎ፣ በአንድ መብራት ላይ በሳምንት ስንት ስልክ እንደሚነጠቅ ቆጥሮ። ይህ ሁሉ ሲቀር የምርመራው ሸክም ተመልሶ እኛው ላይ ይወድቃል። እኛ ስም ካልጠራን ሌባ የለም። ስም ከጠራን ደግሞ ያ የተጠራው ልጅ ሌባ ይሁንም አይሁንም ማታውን ጣቢያ ያድራል። ከሁሉም የሚያስፈራን ይኸኛው ነው። እስክሪብቶ የያዘ ሰው "ማንን?" እያለ ሲጠብቅ፣ የሆነ ስም መጥራት እንዴት ቀላል እንደሆነ በዓይናችን አይተናል።

ለነገሩ ይህ ነገር በከተማችን አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሌባ የሚፈለገው በሌባሻይ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ የሚያናውዝ ነገር እንዲጠጣና ትምባሆ እንዲያጨስ ይደረግና ወገቡ በመቀነት ታስሮ በየመንገዱ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ክፈል ይባላል፣ ይከፍላል። በኋላ ቀረ። ሆኖም አያቶቻችን ሲያወሩት በልማዱ ከመሳቅ ይልቅ "እውነትም ያገኝ ነበር" ይሉ ነበር። ማስረጃ የሌለበት ቦታ ላይ አንድ ሰው መውደቁ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጥቶ ዘመናዊ የፖሊስ ሠራዊት ሲቋቋም፣ ልማዱ ቀርቶ አስተሳሰቡ ምን ያህሉ እንደቀረ አናውቅም ብንል ያስኬዳል።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ኮንስታብል ይኖራል። ከሚስቱና ከአንድ ልጁ ጋር እንደ እኛው አንዲት ክፍል ተከራይቶ። በወር መጨረሻ ከእኛ ቀድሞ ስኳር የሚያልቅበት እሱ ነው። ስለ ስልኩ ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አኮረፈ።

"እናንተ ሁሌ ፖሊስ ፖሊስ ትላላችሁ። ሰው ሲደባደብ ይጠራኛል፤ እሮጣለሁ። እይዛለሁ። ሌሊቱን ስጽፍ አድራለሁ። ጠዋት ሽማግሌ መጥቶ ታርቀናል ይላሉ። ምስክር ቁም ስለው 'እኔ አላየሁም' ይላል። አጠገቡ ቆሞ ሲያይ አይቼዋለሁ እኮ! ከዚያ ደግሞ 'ፖሊስ ጉቦ በልቶ ለቀቀው' የሚለው ያው ምስክር ነው።"

እውነቱን ነው። ስለ ፖሊስ ስንጽፍ ይህን መዝለል አንፈልግም። የከተማችን ሰው ምስክር መሆን አይወድም፤ ጊዜውን ይበላበታል፣ ጎረቤቱን ያስቀይመዋል፣ ችሎት ተመላልሶ ቀጠሮ ይለወጥበታል። ኮንስታብሉ 24 ሰዓት ተረኛ ውሎ ሲመጣ ዓይኑ ደም ለብሶ እናየዋለን። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ወሬ ሲቆም ይሰማዋል። አንድ ቀን የደንብ ልብሱን በፌስታል ይዞ በሲቪል ሲወጣ አግኝተነው ለምን ስንለው "እንደ ሰው ልሂድ ብዬ ነው" አለን።

ግን አንድ ሌላ ነገርም ጠየቅነው። ባልደረባህ የታሰረ ሰው ሲመታ ብታይ ትናገራለህ? ዝም አለ። ቆይቶ "ነገ አብሬው ተረኛ ነኝ" አለ። ሌላ አልጨመረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ሙያ እናውራ፤ ምክንያቱም ፖሊስን ብቻ መውቀስ ለጋዜጠኛ ይመቻል። ሁላችንም በልጅነታችን ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው የፖሊስ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ነበር። ትዝ ይላችኋል? የተሰረቁ ቴሌቪዥኖችና ጫማዎች መሬት ላይ ተደርድረው፣ ከኋላቸው አንገታቸውን የደፉ ወጣቶች ቆመው፣ ማይክራፎን ተደግኖባቸው "እስቲ እንዴት እንደሰረቅክ ንገረን" ሲባሉ። እነሱም ይናገራሉ። እናቶቻችን ከንፈር ይመጣሉ። ክፍሉ ሲያልቅ ፍርዱም አልቋል፤ ዳኛው የት እንዳለ የጠየቀ ከቤታችን አልነበረም።

ትምህርት ቤት ገብተን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ስናነብ ነው የደነገጥነው። ማንኛውም የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሒደት ባለበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል። ያ ፕሮግራም ላይ የነበሩት ልጆች በሙሉ ካሜራ ፊት የቆሙት ችሎት ፊት ከመቆማቸው በፊት ነው። በኋላ በነጻ የተለቀቀ ከነበረ ማን ነገረን? ካሜራው ተመልሶ "ይቅርታ" ሲል ያየ አለ? ነገሩ ከኪስ ሌባም አልፎ ሄዷል። በ2004 ዓ.ም. "አኬልዳማ"፣ በ2005 ዓ.ም. "ጂሃዳዊ ሐረካት" የተባሉት ዶክመንተሪዎች ጉዳያቸው ገና ያልተቋጨ እስረኞችን በብሔራዊ ቴሌቪዥን አቅርበዋል። ካሜራውን የያዘው ፖሊስ አልነበረም፤ የእኛው ሙያ ሰው ነው። አንድ አስተማሪያችን ይህን ሲያነሱ "የፖሊስ ዘጋቢ መሆንና የፖሊስ አፍ መሆን ይለያያል" ይሉን ነበር፤ ፈተና ላይ ግን አልመጣም።

ወደ ጣቢያው እንመለስ። ሁለተኛ ጊዜ የሄድነው ለራሳችን አልነበረም።

ሰፈራችን ጥግ ላይ ጀበና ቡና የሚሸጡ እትዬ አሉ። ልጃቸው መኪና ያጥባል፣ አንዳንዴም ፓርኪንግ ይሠራል። ከተማው እንግዳ ሊቀበል ሽር ጉድ ሲል በነበረበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ማታ አፈሳ መጣ። "አፈሳ" የሚለውን ቃል እስቲ አስቡት። እህል ነው የሚታፈሰው፤ አንድ አንድ ፍሬ አይመረጥም። ልጁ ከሌሎች ጋር ታፈሰ። እትዬ ዓርብ ምሳ ይዘው ሄዱ፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰላቸው። ቅዳሜም እንዲሁ። እሑድ "አይቼው ልምጣ" ቢሉ ማየት አልተፈቀደም። ሰኞ ማታ እኛ ቤት አንኳኩ።

"እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ እስቲ ሄዳችሁ አናግሩልኝ፣ ልጆቼ።"

እኛም የተማርን መሆናችንን ይዘን ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። ሌሊቱን አንቀጽ 19ን ደግመን ስናነበው ነው ያደርነው። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውጪ የሚቆጠረው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። የማይቀርብ ከሆነ ፍርድ ቤትን አካሌን ነጻ አውጡልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ 48 ሰዓት አስቀምጦ ነበር፣ ሕገ መንግሥቱ ከመውጣቱ ሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያስፈራራ ወይም በጭካኔ የሚይዝ ሹም ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል። ሕግ አላጣንም። ሕግማ ሞልቶናል።

በር ላይ የነበሩት መኮንን አዳመጡን። ዕድሜያቸው ከአባቶቻችን አይተናነስም፣ እኛም "ጋሼ" እያልን ነው ያናገርናቸው። ስንጨርስ በትዕግሥት እንዲህ አሉን።

"ልጆች፣ አንቀጹን እኛም እናውቀዋለን። መኪና የለም።"

ፍርድ ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ቅዳሜና እሑድም ተረኛ ችሎት አለ። ይህን አልናቸው። መኮንኑ ፈገግ ብለው "እስረኛ በእግር ስነዳ ብታዩኝ ደግሞ እሱን ትጽፋላችሁ" አሉ። ሳናስበው ሳቅን፤ ከሳቅን በኋላ ደግሞ በሳቃችን ተናደድን። የሰው ልጅ ነጻነት በመኪና እጦት አምስት ቀን ሲቆም፣ ማንም ክፉ ሰው ሳያስፈልግ ነገሩ እንዲሁ በወግ በማዕረግ ይፈጸማል። ፍርድ ቤት የቀረበ ቢሆን ኖሮ "ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልኝ" የሚለውን የታወቀ ዜማ በሰማ ነበር። እሱ እንኳ ቢያንስ ዳኛ ፊት ነው። ዳኛ ልጁን ያያል፣ ፊቱን ያያል፣ እጁን ያያል።

እጁን ያልነው በምክንያት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመታወቂያ ዋስ ሲለቀቅ (የተያዘበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተነገረውም) ግራ እጁ አንጓ ላይ የታሰረበት ቦታ አብጦ ነበር። "ወድቄ ነው" አለን። እናቱ ፊት "ወድቄ ነው" ከማለት ሌላ ምን ይበል። ብቻችንን ስንሆን ያለውን ግን አንጽፈውም፣ አደራ ስላለን።

ወደ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ እናስገባ፣ እኛ እንጽፈዋለን አልናቸው ለእትዬ። ሲኒውን እያለቀለቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተዉኝ ልጆቼ። እናንተ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ። ልጄ ነገም እዚያው ጥግ ነው የሚቆመው። እነሱም በዚያው ነው የሚያልፉት።"

አቤቱታው አልገባም። ጉዳዩ የእሳቸው ነውና። የጣቢያው ስም እዚህ ያልተጻፈውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ በአንድ ግቢና በአንድ ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች አሉን፤ ኮንስታብሉ "ነገ አብሬው ተረኛ ነኝ" ይላል፣ እትዬ "ነገም እዚያው ነው የሚቆመው" ይላሉ። ደንብ ልብስ የለበሰውም ያልለበሱትም ዝም የሚሉት በአንድ ምክንያት ነው። ነገ። ከዚህ በኋላ "ሕዝቡ ጥቆማ አይሰጥም"፣ "ሕዝቡ ከፖሊስ ጎን አይቆምም" የሚል የስብሰባ ንግግር ስንሰማ የሚመጣብን የጀበናዋ ጥግ ነው።

ትልልቆቹ ነገሮችም ከዚህ ትንሽ ጥግ የራቁ አይደሉም። የ1997 ምርጫ ጊዜ እኛ ገና ሕፃናት ነበርን፤ የምናስታውሰው በሩ መዘጋቱንና አልጋ ሥር ግቡ መባላችንን ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የሆነውን እንዲያጣራ ምክር ቤቱ ያቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ቆጠረ። በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ አልነበረም አለ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ግን ቀድመው ከአገር ወጥተው፣ አብዛኛው የኮሚሽኑ አባል መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው በተቃራኒው እንደነበር ተናገሩ። ቁጥሩ ላይ ተስማምተው ቃሉ ላይ ተለያዩ ማለት ነው። በ193ቱ ሞት ስንት ሰው ችሎት ቆመ ብላችሁ ብትጠይቁን ዝም እንላለን፤ ዝምታችንም መልስ ነው።

ማዕከላዊስ? ፒያሳ አካባቢ በዚያ አጥር ጎን ያላለፈ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? ውስጡ የነበሩት ክፍሎች "ሳይቤሪያ"፣ "ጣውላ ቤት"፣ "ሸራተን" ይባሉ ነበር (የከተማችን ሰው እስር ቤት ውስጥም ቀልዱን አይተውም፤ ሻል ያለችውን ክፍል ሸራተን አላት)። በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፣ ሙዚየም ይሆናል ተባለ። ደስ አለን። በዚያው ሰሞን በየእስር ቤቱ የተፈጸመው ሰቆቃ በይፋ ሲነገርና የቀድሞ ሹማምንት ሲታሰሩ እኛ ተማሪዎች ነበርን፣ ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። ግን ግንብ ሲዘጋ ልማድ አብሮ አይዘጋም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ 48 ሰዓቱ ታጠፈ፤ በአዲስ አበባ ሰዎች በብዛት ሲታሰሩ ኢሰመኮ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል አስታወቀ። በየቅያሱ ዱላ የያዙ የሰፈር ጠባቂዎች መታወቂያ ሲጠይቁን፣ የጠየቀን ሰው ማን እንደሆነ እኛ መልሰን የምንጠይቅበት መንገድ አልነበረም። በሐምሌ 2015 ሌላ አዋጅ መጣ፣ እስከ ግንቦት 2016 መጨረሻ አካባቢ ቆየ። አዋጁ ሲያልቅ ፖሊሱ የተላመደው ሰዓት ወደ 48 ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ማንም አይለካም።

ኢሰመኮን ስንጠቅስ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ ከበደን። ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. ኮሚሽኑን የመሩት ዳንኤል በቀለ፣ ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። እስረኛ የነበረ ሰው እስረኛ ሊጎበኝ በዚያው በር ሲገባ ማሰብ ደስ ይላል። ኮሚሽኑ በሚገባ የተጻፉ ሪፖርቶች አውጥቷል። ችግሩ ሥልጣኑ መመርመርና መምከር ድረስ ነው፤ መክሰስ አይችልም። ፖሊስ በደለኝ የሚል ሰው በተለምዶ የሚላከው ወደ ራሱ ወደ ፖሊስ የውስጥ ቁጥጥር ነው። አቤቱታውን ለማስገባት የተበደለበትን በር አንኳኩቶ መግባት አለበት።

ጎረቤታችን ኬንያ ከ2000 ዓ.ም. የምርጫ ደም መፋሰስ በኋላ ሌላ መንገድ ሞከረች። በ2004 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነፃ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመች። በሲቪል ቦርድ የሚመራ፣ ፖሊስ ያልሆነ መሥሪያ ቤት ነው። ሰው በፖሊስ እጅ ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ የሚመረምረው እሱ ነው፤ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል፣ ፖሊሶች ችሎት ቆመው የተፈረደባቸውም አሉ። ናይሮቢ ገነት ሆነች አላልንም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወጣቶቹ ግብር በመቃወም ሲወጡ የደረሰባቸውን አይተናል። ግን የሞተ ልጅ እናት የምትሄድበት፣ በሩ ላይ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው የማይቆምበት ቢሮ አለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ደግሞ በየሰፈሩ የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ጣቢያ አለን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ፖሊስና ነዋሪ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ። የእኛ ሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ተገኝተናል። አጀንዳው ሌባ፣ ጫትና የምሽት ሙዚቃ ነበር። "ስለ ፖሊስስ ቅሬታ ያለው?" ብሎ የጠየቀ የለም፣ ቢጠይቅም የሚመልስለት አይኖርም ነበር። ሰብሳቢው ፖሊሱ ነው።

እኛ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየጣቢያው በር ላይ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ዛሬ ስንት ሰው ውስጥ አለ፣ ከመካከላቸው 48 ሰዓት ያለፈው ስንት ነው የሚል። ስም አያስፈልግም፣ ቁጥር ይበቃል። ደረት ላይ ስም ይነበብ። ስንት ፖሊስ በምን ጥፋት ተቀጣ የሚለው በየዓመቱ ይታተም፤ "እርምጃ ተወስዷል" የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ጠግበናታል። ምን እርምጃ? ወዴት ነው የተወሰደው? አንዳንዴ የተወሰደው እርምጃ ፖሊሱን ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፤ ማለትም ለሌላ ሰፈር መስጠት።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት የናይሮቢውን ታሪክ ለኮንስታብሉ ነገርነው። እንዲህ ያለ ቢሮ እዚህ ቢከፈት ሄደህ ትናገር ነበር ወይ? ብዙ አሰበ። ልጁ እግሩ ላይ እየወጣች ነበር።

"ስሜ ይጻፋል?"

"አይጻፍም እንበል።"

"እዚያ የሚቀመጠው ማን ነው? ጡረታ የወጣ ፖሊስ ከሆነ አልሄድም።"

"ካልሆነስ?"

ሰዓቱን አየና ልጁን ለሚስቱ ሰጥቶ ተነሳ። የማታ ተረኛ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ "አድራሻውን አስቀምጡልኝ" አለ፣ እየሳቀ ይሁን የምሩን አልለየንም።